ከካሜራና ከሶፍትዌር ክርክር በፊት፦ በግቢያችሁ የሚሠራ የምስል ጥራት ፈተና

ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ አካባቢ ቅዳሜና እሑድ ተሰባስበው አጭር ፊልም የሚሠሩ ልጆች ዘንድ ሁለት ክርክሮች አያልቁም። አንዱ የካሜራ ነው፤ 4ኬ የሚቀርፅ ስልክ ይሻላል ወይስ 1080 ብቻ የሚቀርፅ የቆየ ካኖን? ሁለተኛው የሶፍትዌር ነው፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ፕሪሚየር፣ ኬደንላይቭ ወይስ ካፕካት?

ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ለማስረጃ የሚቀርበው ቪዲዮ አቻ ስላልሆነ ነው። አንዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የቀረፀውን ያመጣል፤ ሌላው የቀኑን 6 ሰዓት ፀሐይ። ሁለቱም በቴሌግራም ሲላኩ ይጨመቃሉ፤ ከዚያ በተለያየ ስልክ ይታያሉ። እንዲህ ተይዞ ስለ ካሜራው የሚነገር ነገር የለም። ከዚህ በታች ያለው ፈተና ግማሽ ቀን ይወስዳል። ወጪው ጥቂት ነው፤ መልሱም ለእናንተ ዕቃ፣ ለእናንተ ሰፈር ብርሃንና ለእናንተ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው።

ትዕይንቱን ማዘጋጀት

ስቱዲዮ አያስፈልግም። ግቢ ውስጥ ካለው ዕቃ እያንዳንዱ አንድ ድካም እንዲያጋልጥ አድርጋችሁ ምረጡ። አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ለብሶ፣ ጥበቡ ወደ ካሜራው ዞሮ ይቀመጥ። አጠገቡ፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ፣ ጥቁር ጀበና አኑሩ። ከኋላው ከ6 እስከ 8 ሜትር ርቆ የቆርቆሮ አጥር ይታይ፤ ከአጥሩ በላይ ደግሞ ነፋስ የሚያወዛውዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ቢኖር ፈተናው ሙሉ ይሆናል።

ነጠላው የብርሃኑን ጣሪያ ያሳያል። የሽመናው መስመር ጠፍቶ ባዶ ነጭ ከሆነ፣ ያ ክፍል በየትኛውም ሶፍትዌር አይመለስም። ጥበቡ የቀለም ዝርዝርን ይፈትናል። አብዛኞቹ ስልኮችና ርካሽ ካሜራዎች 4:2:0 በሚባለው፣ ቀለምን ቀንሶ በሚጽፍ ስልት ስለሚቀርፁ የቀለም መረጃው ከብርሃን መረጃው አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቀዩ ክር ጠርዙ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የሚታየው። ጀበናው በጥቁሩ ክፍል ያለውን ኖይዝ (የሚርመሰመስ ነጠብጣብ) ያወጣል።

ቆርቆሮውና ባሕር ዛፉ ጠለቅ ያለ ነገር ስለሚናገሩ ጊዜ ስጧቸው። የቆርቆሮው ሸንተረር ከርቀት ሲቀረፅ ጥቅጥቅ ያለ መስመር ይሆናል። እንደ ካኖን 600ዲ ያሉ የቆዩ ዲኤስኤልአሮች ቪዲዮ ሲቀርፁ ሴንሰሩን ሙሉ በሙሉ አያነቡም፣ መስመር እየዘለሉ ነው። በዚህ ምክንያት አጥሩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ የቀለም ሞገድ (ሞይሬ) ይታያል፤ ካሜራው ሲንቀሳቀስ ደግሞ መስመሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ይህ በኤዲት አይጠፋም። መድኃኒቱ እዚያው ቀረፃው ላይ ነው፦ አጥሩ ከፎከስ እንዲወጣ ተዋናዩን ወደ ካሜራው አቅርቡ፣ ወይም ማዕዘን ቀይሩ።

የባሕር ዛፉ ቅጠል የሚፈትነው ቢትሬትን (በሰከንድ የሚጻፈውን የመረጃ መጠን) ነው። በሺህ የሚቆጠር ትንሽ ነገር በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ኮዴኩ (ቪዲዮውን ጨምቆ የሚጽፈው ስልት) የሚጽፈው መረጃ አይበቃውም፤ ቅጠሉ ይቀልጥና አረንጓዴ ጭቃ ይመስላል። ሰው ፊት ላይ ጥሩ የነበረ ካሜራ እዚህ ሲወድቅ ማየት የተለመደ ነው። እንጦጦን ወይም የሱሉልታን መንገድ ዳር ዛፍ ዳራ አድርጎ ለመቅረፅ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ሴቲንጉን ማሰር

አውቶማቲክ የሆነ ነገር ሁሉ ይጥፋ። ሁለቱ ካሜራዎች በትራይፖድ ጎን ለጎን ይቁሙ፣ የተዋናዩ ጭንቅላት በሁለቱም ፍሬም እኩል መጠን ይኑረው። የስልኩን ስታብላይዜሽንና የኤችዲአር ቪዲዮ አማራጭ አጥፉ። የመጀመሪያው ፍሬሙን ይቆርጣል፤ ሁለተኛው በተለመደ ታይምላይን (የኤዲት ሰሌዳ) ላይ ሲገባ ፊት ከልክ በላይ እንዲበራ ወይም ቀለሙ እንዲደበዝዝ ያደርጋል። የስልኩ የራሱ ካሜራ ሙሉ ቁጥጥር ካልሰጠ ብላክማጂክ ካሜራ ወይም (አንድሮይድ ላይ) ኦፕን ካሜራ በነፃ ይገኛሉ።

ፍሬም ሬቱ (በሰከንድ የሚቀረፀው ምስል ብዛት) 25፣ ሻተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን። ካሜራው ውስጥ 25 ካልታየ ሜኑው ውስጥ ኤንቲኤስሲ የሚለውን ወደ ፓል ቀይሩት። 25 የሚመረጠው የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ከዋናው መስመር የሚሠራ ብዙው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይጠነክራል፣ ይደክማል። በ1/50 ወይም በ1/100 ሲቀረፅ ይህ አይታይም። 1/60 ላይ ግን ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል። በ1/50ም መስመሩ ካልጠፋ፣ መብራቱ ርካሽ ኤልኢዲ ሆኖ የራሱ ሌላ ድግግሞሽ አለው ማለት ነው፤ ወይም ኃይሉ የሚመጣው 50 ኸርዝ በትክክል ከማይጠብቅ ጀነሬተር ነው። ያን ጊዜ ሻተሩን በጥቂቱ ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ መስመሩ የሚቆምበትን ፈልጉ፤ ካልተገኘ መብራቱን ቀይሩ።

ኋይት ባላንስ ለፀሐይ 5600 ኬልቪን፣ ለጥላ 7000 ገደማ፣ ለቢጫ አምፖል 3200 ላይ ይታሰር። ሰማያዊ ሸራ ሥር ግን ቁጥር አይረዳም፤ ሸራው ፊትን ሰማያዊ ያደርጋል፣ ከጎን የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ሌላ ቀለም ነው። ሁለት ቀለም ብርሃን አንድ ፊት ላይ ካረፈ የትኛውም ካሜራ አያስታርቀውም፤ ሸራውን አንሱና በምትኩ ነጭ አቡጀዴ ወጥሩ።

ካኖን ላይ ፒክቸር ስታይሉን ኒውትራል አድርጉ፦ ሻርፕነስ 0፣ ኮንትራስት እስከ መጨረሻው ዝቅ (ማይነስ 4)፣ ሳቹሬሽን ማይነስ 2። ስልክ ከፋብሪካው ጠርዝ የማሳል ልማድ አለው፤ መተግበሪያው ሻርፕነሱን መቀነስ ከፈቀደ ቀንሱት። ብዙ ሰው «ስልኬ ይበልጥ ጥርት ያለ ነው» የሚለው ይህን የተሳለ ጠርዝ እያየ ነው፤ ፀጉር ዙሪያ ነጭ መስመር ካለ ሰው ሠራሽ ጥራት መሆኑን ዕወቁ።

ኤክስፖዠሩን በፊት ቆዳ ላይ መዝኑ። በየቪዲዮው የሚነገረው 70 በመቶ ዚብራ (ካሜራው የብርሃኑን መጠን የሚያሳይበት የመስመር ምልክት) ለነጭ ቆዳ የተለመደ ልክ ነው። ለጠይም ፊት ከ50 እስከ 60፣ ለጥቁር ፊት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ማለት ይቻላል። በ70 የተቀረፀ ጠይም ፊት ቆዳው ይገረጣል፤ ነጠላውም አብሮ ይቃጠላል።

ሦስት ብርሃን፣ ሦስት ፍርድ

አንድ ጊዜ ብቻ ቀርፆ መፍረድ አይሆንም። የመጀመሪያው ቀረፃ በ6 ሰዓት ፀሐይ ይሁን፤ ሆን ብላችሁ በከፋው ሰዓት ሞክሩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ አራተኛው ሳምንት ግድም ፀሐይዋ ቀትር ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትሆናለች። ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫና ግንባር ያበራል። እዚህ የሚፈተነው በነጭና በጥቁር መካከል ካሜራው የሚይዘው ስፋት ነው።

ይህ ቀረፃ ያለ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ ተገጥሞ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ፍትሐዊ አይሆንም። በጠራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ንቃት) 100 እና በ1/50 ትክክለኛው የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 22 አካባቢ ነው። በኤፍ 2.8 ለመቅረፅ 6 ስቶፕ (እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) መቀነስ አለባችሁ፤ ይህም ኤንዲ 64 ነው። ስልክ ደግሞ ቀዳዳው ስለማይጠብ ፊልተር ከሌለው ሻተሩ ወደ 1/2000 ይሮጣል፣ የሰው እርምጃም ቆረጥ ቆረጥ ይላል። የሚሽከረከር ኤንዲ ከገዛችሁ ሁለት ነገር ፈትሹ፦ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ፍሬሙ መሀል የኤክስ ቅርጽ ጥላ ይመጣል ወይ? ነጭ ወረቀት ስትቀርፁበት ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያዘነብላል ወይ? ሁለቱም በርካሾቹ ላይ ያጋጥማሉ።

ሁለተኛው ቀረፃ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ በለስላሳ ብርሃን ይሁን። እዚህ ሁለቱ ካሜራዎች በጣም ይቀራረባሉ፤ ብዙ ክርክር የሚበርደውም እዚህ ነው። አታምሹ ግን፤ እዚህ አገር ፀሐይ ቶሎ ትወርዳለች። 12 ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲቆይ ይጨልማል፣ ስለዚህ ሁሉን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ሦስተኛው ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ በአንድ አምፖል ነው። የሴንሰር መጠን የሚናገረው አሁን ነው። የ600ዲ ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፤ የስልኩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በጨለማ የሚሰበስበው ብርሃንም ያነሰ ነው። ስልኩ ኖይዙን ለማጥፋት ፊቱን እንደ ሰም ያለሰልሰዋል፤ ካኖኑ ኖይዙን ይተወዋል፣ ግን የቆዳው ዝርዝር አብሮ ይቀራል። በዚህ ላይ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ከተገጠመ ልዩነቱ ይሰፋል፤ አብሮ ከሚመጣው 18-55 ሌንስ 50 ላይ ካለው ኤፍ 5.6 ጋር ሲነፃፀር ከ3 ስቶፕ በላይ ብርሃን ያስገባል። አዲስ ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው መጀመሪያ ይህን ሌንስ ያስብ።

ስለ ቁጥሮቹ

4ኬ 1080ን በፒክሰል ብዛት አራት እጥፍ ይበልጠዋል። ያ ትርፍ የሚታየው ብርሃን ሲበቃ፣ ፎከስ ሲይዝና ቢትሬቱ ሲመጥን ነው። 1080 ሆኖ የሚወጣ ሥራ ከሆነ የ4ኬ ትልቁ ጥቅም በኤዲት ጊዜ ጠጋ አድርጎ መቁረጥ መቻሉ ነው፤ ከአንድ ቀረፃ ሰፊና ጠባብ ሾት ታወጣላችሁ።

8 ቢት በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ፣ 10 ቢት 1024 ደረጃ አለው። ልዩነቱ የሚወጣው ሰማይ ላይ ነው፦ የክረምቱ ዝናብ አቁሞ የጠራውን የመስከረም ሰማይ በ8 ቢት ቀርፃችሁ ቀለሙን ብትጎትቱት ሰማያዊው በእርከን ይከፋፈላል። በዚህ ምክንያት 8 ቢት ካሜራ ላይ ኤስ-ሎግ 3ን የመሰለ ደብዛዛ የቀለም ፕሮፋይል (ሎግ) አንመክርም። ሎግ ያሉትን ጥቂት ደረጃዎች በሰፊ ክልል ላይ ይበትናቸዋል፤ ስትመልሱት ኖይዙና እርከኑ ይወጣል። ፓናሶኒክ ጂኤች5 (2017) ወይም ሶኒ ኤ7ኤስ 3 (2020) ያለው ሰው 10 ቢት 4:2:2 ካሜራው ውስጥ ስለሚያገኝ ሎጉን ይጠቀምበት።

ቢትሬትን ወደ ካርድ መጠን መቀየር ልመዱ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት በደቂቃ 750 ሜጋባይት ነው፤ 64 ጊጋ ካርድ 85 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። ለዚህ ቪ30 የተባለ ካርድ (ቢያንስ 30 ሜጋባይት በሰከንድ የሚጽፍ) ይበቃል። ገበያው ላይ 128 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ ሐሰተኛ ካርድ ስላለ፣ ከቀረፃ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስኪሞላ አስጽፉና አረጋግጡ። ሐሰተኛው ካርድ መጀመሪያ ላይ ደህና ይቀርፃል፤ እውነተኛ መጠኑ ሲያልቅ ግን በፊቱ የነበረውን ያጠፋል፣ ወይም የማይከፈት ፋይል ይጽፋል። 600ዲ ላይ ደግሞ አንድ ፋይል 4 ጊጋ ሲደርስ፣ ማለትም በ1080 ወደ 12 ደቂቃ ላይ፣ ቀረፃው ራሱ ይቆማል። ረጅም ቃለ መጠይቅ ስትይዙ በየ10 ደቂቃው ራሳችሁ አቁማችሁ አስጀምሩ።

ስም ሸፍኖ ማየት

በክርክሩ ያልገባ ሦስተኛ ሰው ክሊፖቹን «ሀ» እና «ለ» ብሎ ይሰይም፣ ቅደም ተከተሉንም በየትዕይንቱ ያቀያይር። ሁለቱም በአንድ 1080 ታይምላይን ላይ ይግቡ፤ ብርሃናቸው እኩል እስኪሆን ብቻ ይስተካከል። ከካርዱ በቀጥታ የተገለበጠውን እንጂ በቴሌግራም የመጣውን አትጠቀሙ። መጀመሪያ ሰው ፊልም በሚያይበት ርቀት ተቀምጣችሁ እዩና የመረጣችሁትን ጻፉ፤ ቀጥሎ 200 በመቶ አጉሉትና ነጠላውን፣ ጥበቡን፣ ጀበናውን፣ ቆርቆሮውን፣ ቅጠሉን በየተራ መርምሩ። ከዚያ ጥላውን 2 ስቶፕ አንሱት፤ ጀበናው ዙሪያ የሚመጣው ነጠብጣብ በወይን ጠጅና በአረንጓዴ ከተከፋፈለ ያ ካሜራ ጨለማ ትዕይንት አይሸከምም። ከሩቅ ያሸነፈውና ሲጎላ ያሸነፈው ሊለያዩ ይችላሉ። ሥራችሁ በስልክ የሚታይ ከሆነ የመጀመሪያው ፍርድ ይበልጣል።

ሶፍትዌሩን በራሳችሁ ኮምፒውተር መፈተን

ሶፍትዌር ምስል አያሳምርም። አንድ ክሊፕ ምንም ሳይነካ በሁለት ሶፍትዌር ወጥቶ ቀለሙ ከተለያየ፣ የሴቲንግ ችግር ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዳታ ሌቭል (የጥቁርና የነጭ ወሰን) ላይ ነው፤ «ቪዲዮ» መሆን ያለበት «ፉል» ተብሎ ሲወጣ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል ወይም ይደፈናል። ስለዚህ የሚፈተነው ፍጥነት፣ አለመውደቅና የሚሰጣችሁ መሣሪያ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦ በእያንዳንዱ ሶፍትዌር ላይ ያንኑ አምስት ክሊፕ አስገቡና 2 ደቂቃ ቁረጡ። ሁለት ዲዞልቭ፣ አንድ የቀለም እርማትና አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ጨምሩ። ሲጫወት ይንተፋተፋል ወይ? ለኤክስፖርት ስንት ደቂቃ ፈጀ? ከዚያ ሴቭ ሳታደርጉ ፕሮግራሙን ከታስክ ማናጀር ግደሉትና መልሳችሁ ክፈቱ፤ ምን ያህል ሥራ ተረፈ? መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ ይበልጣል።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ በቀለም ሥራ ቀዳሚ ነው፤ ነፃው ስሪት እስከ 3840 በ2160 በሰከንድ 60 ፍሬም ያወጣል፣ ማኅተምም አይለጥፍም። የሚፈልገው ግን ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ነው። 8 ጊጋ ራምና ኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ላይ «የጂፒዩ ሚሞሪ ሞልቷል» እያለ ያቆማል። 16 ጊጋ ራምና 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ካለ 1080 ታይምላይን ይሄዳል። ጊዜን ተጠቅሞ ኖይዝ የሚቀንሰው መሣሪያ በሚከፈልበት ስቱዲዮ ስሪት ብቻ ነው (295 ዶላር፣ አንድ ጊዜ)። 10 ቢት 4:2:2 የሆነ ኤች.264 ወይም ኤች.265 ፋይል ዊንዶውስ ላይ በነፃው ስሪት ድምፁ ብቻ ገብቶ ምስሉ ላይታይ ይችላል፤ ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ወደ ዲኤንኤክስኤችአር (ለኤዲት የሚመች የቪዲዮ ፎርማት) ቀይራችሁ አስገቡት። ሌላው የሚያስለቅስ ነገር፦ የታይምላይኑ ፍሬም ሬት ክሊፕ ከገባ በኋላ አይቀየርም። ፕሮጀክቱ እንደተከፈተ 25 መሆኑን አረጋግጡ።

ለደካማ ላፕቶፕ ኬደንላይቭና ሾትካት እውነተኛ መፍትሔ ናቸው፤ ነፃ ናቸው፣ ፕሮክሲም (ለኤዲት ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ) ይሠራሉ። ፕሪሚየር ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ በየወሩ የሚከፈልበት መሆኑ ሰውን ወደ ክራክ ይገፋል። ክራኩ አንቲቫይረስ አጥፉ ይላችኋል፤ የወራት ቀረፃ ያለበትን ኮምፒውተር ለማያውቁት ሰው ክፍት ማድረግ አይገባም። ካፕካት ለአጭር ነገር ፈጣን ነው፣ ረጅም ፊልም ላይ ግን የድምፅና የቀለም ሥራው ይጠባል።

የሚንተፋተፍ ታይምላይን ሁሉ የሶፍትዌር ጥፋት አይደለም። ኤች.264 እና ኤች.265 አብዛኛውን ፍሬም የሚጽፉት ከሌላ ፍሬም ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን ለማሳየት ኮምፒውተሩ ብዙውን መፍታት አለበት። ፕሮክሲ ሥሩ፤ 1280 በ720 ይበቃል። ሪዞልቭ ላይ ክሊፑን በቀኝ ተጭናችሁ «ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ» በሉ። የስልክ ክሊፕ ደግሞ ፍሬም ሬቱ ስለሚዋዥቅ ድምፁ ቀስ በቀስ ከከንፈር ይለያል፤ ከኤዲት በፊት በሃንድብሬክ 25 ኮንስታንት ፍሬም ሬት፣ ጥራቱን አርኤፍ 16 አድርጋችሁ አሳልፉት።

የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ የተመረጠው ፎንት ፊደላችን የለውም፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ወይም ኒያላ ምረጡ። ዩኒኮድ ባልሆነ የቆየ ፎንት የተጻፈ ርዕስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተመሰቃቀለ ምልክት ይሆናል። የኤስአርቲ ትርጉም ፋይልንም በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉ።

ማውጣትና መላክ

ኤምፒ4 ፋይል ማውጫውን አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። 95 በመቶ ላይ መብራት ከጠፋ የወጣው ሁሉ አይከፈትም። ዩፒኤስ ከሌለ ወይም የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመ ፊልሙን በ5 ደቂቃ ከፋፍላችሁ በዲኤንኤክስኤችአር አውጡ፤ ክፍሎቹን አዲስ ታይምላይን ላይ ደርድራችሁ የመጨረሻውን ኤምፒ4 አውጡ። ያ ከባዱን የቀለም ሥራ ስለማይደግም ፈጣን ነው።

ለዩቲዩብ 1080 በ25 ፍሬም 8 ሜጋቢት በሰከንድ የሚመከረው መነሻ ነው፤ 10 ደቂቃ ፊልም 600 ሜጋባይት ይሆናል። የባሕር ዛፍ ትዕይንት ካለው ወደ 16 አሳድጉት። በ4ኬ 40 ሜጋቢት ያው ፊልም 3 ጊጋ ስለሚደርስ ኢንተርኔቱንና ፓኬጁን አስቡ። ለጓደኛ አስተያየት በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት፤ እስከ 2 ጊጋ ሳይጨመቅ ይደርሳል። በ«ቪዲዮ» በኩል ከላካችሁት ግን ተቀባዩ የሚያየው ቴሌግራም የጨመቀውን ነው፣ ስለ ካሜራው የሚሰጠው አስተያየትም አይያዝም።